ሲጋራ በአደራ ይቀበሉ የነበሩት አዴ ዘሃራ

በቀፊራ ገበያ ቅመም ሲሸጡ፣ በሳቢያን ሰፈር ደግሞ ወጣቶችን ከሲጋራ ለመጠበቅ ባቋቋምነው የበጎ አድራጎት ማኅበር ሲያገለግሉ የምታውቋቸው አዴ ዘሃራ ከዚህ ዓለም ተለይተዋል። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ሐሙስ ረፋድ ላይ፣ መደባቸው ላይ እንደተቀመጡ «ደከመኝ» አሉ፤ ቤታቸው ሳይደርሱ አረፉ። በዚያው ዕለት ተቀበሩ። የማኅበሩ ሊቀ መንበር እኔ ነኝ፤ መርዶውን የነገረኝ ግን የማኅበሩ ሰው አይደለም። ልጄ ሐና ናት። ከእኔ ቀድማ ሰምታ፣ ከእኔ ቀድማ አልቅሳ፣ ዓይኗ አብጦ መጣችና «እማ፣ አዴ ዘሃራ ሞቱ» አለችኝ። ከሐዘኑ በፊት የመጣብኝን ስሜት አልደብቃችሁም፤ «አንቺን ደግሞ ማን ነገረሽ?» ነበር ያልኳት።

ስለ ሟች ሲጻፍ ምስጋና ብቻ መጻፍ እንዳለበት አውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሥርዓት አይጠፋኝም። ነገር ግን አዴ ዘሃራን በውሸት ብሸኛቸው እሳቸው ራሳቸው ይታዘቡኛል። ስለዚህ አስቀድሜ ልናገር፤ በእሳቸው እቀና ነበር። ዛሬም እቀናለሁ።

ማኅበሩ ሲጀመር ሥራው የእኔ ነበር። በየትምህርት ቤቱ እየዞርኩ የከሰለ ሳንባ ሥዕል እሰቅላለሁ፤ ድምፅ ማጉያ ይዤ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ እናገራለሁ። ወጣቶቹ ያጨበጭቡልኛል። ከግቢው ሲወጡ ደግሞ ከፊት ለፊቱ ሱቅ አንድ አንድ ፍሬ ገዝተው ይለኩሳሉ። አዴ ዘሃራ አባል የሆኑት ዘግይተው ነው። ማንበብና መጻፍ አይችሉም። አማርኛቸው ከኦሮምኛና ከዐረብኛ ጋር የተቀየጠ ነው። ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጠው ሄል ይለቅማሉ እንጂ ትንፍሽ አይሉም። እኚህ ሴት ምን ይረቡናል ብዬ ነበር፤ እውነቴን ነው።

አንድ ቀን ቀፊራ በርበሬ ልገዛ ሄድኩ። አንድ የባጃጅ ሾፌር ሲጋራውን በጣቱ ይዞ መደባቸው ፊት ቆሟል። እኔ ብሆን ገና ከሩቁ ነበር የምጮህበት። እሳቸው እርድ እየሰፈሩ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ፣

«ዋርያ፣ ያን ፓኮ እኔ ጋ አስቀምጠው» አሉት።

«ተው ሊሉኝ ነው፣ አዴ?»

«ማን ተው አለህ? አማና ነው፣ አደራ። ስትፈልገው ና፣ እሰጥሃለሁ።»

ልጁ በሳቅ ፈነዳ፤ ግን ሰጣቸው። ፓኮውን በጋዜጣ ጠቀለሉ፣ በሰማያዊ ክር አሰሩ፣ ከቅርንፉዱ ጀርባ ባለ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከተቱት። ስም መጻፍ ስለማይችሉ ባለቤቱን የሚለዩት በክሩ ቀለም ነበር። ጣሳው ውስጥ የየቀለሙ ጥቅል ሞልቶ ሳይ በርበሬውን ረስቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

በሳምንቱ ስብሰባ ጠራሁ። «የፀረ ሲጋራ ማኅበር አባል እንዴት ሲጋራ ያስቀምጣል? አስቀምጦስ እንዴት ይመልሳል? ይጣሉት! ሲጠይቁዎት ጠፋ ይበሉ!» አልኳቸው።

አዴ ዘሃራ ደነገጡ። የደነገጡት በቁጣዬ አይደለም፤ በሐሳቡ ነው።

«አቦ ቲቸር፣ አደራ በላ ሁኚ ነው የምትይኝ? ወላሂ አልሆንም! አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ አይደለም የሚባለው? ልጁ ሲጋራውን ሊወስድ ይመጣል። ሲመጣ ይቀመጣል። ከተቀመጠ ያወራል፣ ምን እንዳቃጠለው ይነግረኛል። አንድ ቀን ከበላሁበት ግን ሁለተኛ አይመጣም።»

አባላቱ አጨበጨቡ። ለእኔ በዚያ አዳራሽ እንዲያ ተጨብጭቦልኝ አያውቅም።

ከዚያ በኋላማ ያ መደብ ወጣት አይጠፋበትም ነበር። ሳምቡሳ እየገመጡ፣ በሦስት ቋንቋ እየተቀላለዱ ይቀመጣሉ፤ እነሱ «አዴ»፣ እናቴ፣ ሲሏቸው እሳቸውም «ኢጆሌ ኮ»፣ ልጆቼ፣ እያሉ ይጠሯቸዋል። አንዳንዱ አደራውን ወስዶ ያጨስና ጎደሎውን ፓኮ ይዞ ይመለሳል። አዴ ዘሃራ ስንት ቀረ ብለው አይጠይቁም፤ መልሰው ያስሩታል። አንዱ «አዴ፣ ሲጋራዬ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል፣ አይጨስም እኮ!» ብሎ ሲያማርር ሆዳቸውን ይዘው ነበር የሳቁት። ብዙዎቹ ቀስ በቀስ ወሬውን ለምደው ሲጋራውን መጠየቅ ተዉ። አንድ ወዛደር ሳል አልለቅ ሲለው በገበያ ቀን መደባቸውን ዘግተው በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰዱት፤ ከእሱ ጋር ወረፋ ሲጠብቁ ዋሉ። በዚያ ቀን እኔ የት ነበርኩ? አዳራሽ ውስጥ ስለ ሳል ንግግር አደርግ ነበር።

እኔም ሞክሬያለሁ፣ ምን ያደርጋል! ቢሮዬ ውስጥ ካርቶን አስቀምጬ «ሲጋራችሁን በአደራ እዚህ ተዉ» ብዬ ጻፍኩበት፤ አጠገቡም የስም መመዝገቢያ ደብተር አኖርኩ። ከወር በኋላ ስከፍተው ያገኘሁት የከረሜላ ልጣጭ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ለቅሶው ልምጣ። በሦስተኛው ቀን ልጃቸው አብዲ ያን ጣሳ ይዞ ድንኳኑ መሃል ቆመ። «እናቴ አማና ተሸክማ እንድትቀር አልፈልግም። አደራ ያለው ሰው ይውሰድ» አለ። የትኛው ክር የማን እንደሆነ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ስለዚህ ባለቤቱ ራሱ በሰው ፊት መነሣት ሊኖርበት ነው። ጉድ ፈላ! እኔ መነጽሬን አስተካከልኩ። የእገሊት ልጅ ይነሣል፣ የእገሊት ልጅ ይነሣል እያልኩ በሆዴ እገምታለሁ።

«ሰማያዊ?» የባጃጁ ልጅ እያለቀሰ ተነሣ። «ቀይ?» አንድ ሌላ ተነሣ። «አረንጓዴ?» የሚነሣ ጠፋ። አብዲ ደግሞ ጠራ፣ «አረንጓዴ የማን ነው?»

ከጎኔ ሐና ተነሣች።

ኩም አልኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ያንገበገበኝ ሲጋራው እንዳይመስላችሁ፤ የሲጋራው ነገር በኋላ ነው የመጣልኝ። ያንገበገበኝ የወለድኳት ልጅ ምስጢሯን ያስቀመጠችው ሌላ ሴት ዘንድ መሆኑ ነው።

ቤት እንደገባን እጄን ዘረጋሁ።

«አምጪው!»

«ልትጥዪው ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርገው? ላንግሠው?»

ጥቅሉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። «እማ፣ ልነግርሽ ባሰብኩ ቁጥር የሳንባውን ሥዕል ታመጪብኛለሽ። አዴ ዘሃራ አምጪ ብለውኝ አያውቁም። አንቺ ጋ ባስቀምጠውና ብጠይቅሽ ትመልሺልኛለሽ?»

ይህን ጥያቄ ለመመለስ አንድ ቀን ሙሉ ፈጀብኝ። በማግስቱ «እመልስልሻለሁ» አልኳት፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ያመኝ ነበር። ተቀብዬ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አስቀመጥኩት።

አዴ ዘሃራ፣ እንግዲህ ቀሪው ለእርስዎ ነው። ባለፈው እሑድ ሐና ጠየቀችኝ። መጣል አማረኝ፤ ጠፋ ማለትም አማረኝ። ግን አውጥቼ ሰጠኋት። ተቀመጠች። መጀመሪያ ያጨሰችው አባቷ በሞተበት ሳምንት እንደሆነ ነገረችኝ። ያኔ እኔ የራሴን እንባ ሳብስ ከጎኔ ማን እንዳለም አላየሁም ነበር። ይህንን እርስዎ ያውቁ ነበር፤ እኔ እናቷ አላውቅም ነበር። አውርታ ስትጨርስ አንድ ፍሬ አወጣችና የቀረውን መለሰችልኝ። አልጮህኩም። ክሩን መልሼ ቋጠርኩት፤ እጄ ግን እንደ እርስዎ እጅ አልሆነልኝም፣ ቋጠሮው ላላብኝ።

አሁን ታወራኛለች፤ ምስጋናው የእርስዎ ነው። በየመሃሉ ግን «አዴ ዘሃራ ቢሆኑ እንዲህ ይሉኝ ነበር» ትላለች፤ ያኔ ዓይኔ ደም ይለብሳል። ዛሬ ጠዋት መቃብርዎ ዘንድ ልትሄድ ነጠላዋን ስታነሣ «እኔም ልምጣ?» አልኳት። ተከናነበችና «ሌላ ቀን ነይ፣ እማ። ዛሬ ለብቻዬ ላጫውታቸው» አለችኝ።

ይኸው እየመጣችልዎት ነው። አፈሩ ይቅለልዎት፣ እኅቴ። እባክዎን ግን ሁሉንም አይስሙ፤ ለእኔም ትንሽ ያስቀሩልኝ።