መምህሩ የሚያነቡት መጠቅለያ

በመምህሩ ለቅሶ ላይ የደብረ ማርቆስ ግማሹ ተማሪያቸው ነበር። አንዱ ማባዛትን ያስጨበጡኝ እሳቸው ናቸው ይላል፣ ሌላው በአርጩሜያቸው ይምላል። እኔ ድንኳኑ ጥግ ተቀመጥኩ። እኔን አላስተማሩኝም። እኔን ያስተማረኝ ገበያ ነው፤ ገበያም ትንሽ የሚገዛና ብዙ የሚያይ ሰው ሲመጣ ንቃ ብሎ ነው ያሳደገኝ። ስለዚህ መምህሩን አንድ ዓመት ሙሉ ጠርጥሬያቸዋለሁ። ሱቄን ሊያሳሽጉ መስሎኝ ነበር። ለካ ሊዘጋ የነበረው የሌላ ሰው እንጀራ ነው።

ጡረታ ከወጡ በኋላ በሳምንት ሁለቴ ወደ ሱቄ ይመጡ ጀመር። የሚገዙት አንድ ሲኒ ጥቁር አዝሙድ ነው። ቤታቸው ያሉት እሳቸውና እህታቸው ብቻ ናቸው። ሁለት አዛውንት ያን ሁሉ አዝሙድ ምን ያደርገዋል? በፌስታል ልስጥዎት ስላቸው፣ በወረቀት ይሁንልኝ ይላሉ። እንደ ጥሩንባ ጠቅልዬ እሰጣቸዋለሁ። ከዚያ የሱቁ በር ላይ ካለችው አግዳሚ ይቀመጡና አዝሙዱን መሀረባቸው ላይ ገልብጠው ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ ያስተካክሉታል። መነጽራቸውን አድርገው ፊትና ጀርባውን ያነባሉ። አጥፈው ኮታቸው ኪስ ይከቱታል። አዝሙዱን ረስተው የሄዱበት ቀን አለ፤ ወረቀቱን ግን አንድም ቀን አልረሱም።

የወረቀቱን አመጣጥ ደግሞ እኔ አውቃለሁ። በአንድ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል የሚሠራ ሰው፣ አሮጌ ደብተርና የፈተና ወረቀት በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ በጓሮ በር ያመጣልኛል። የሚጣል ነው ብሎኛል። የሚጣል ነገር ለምን በጓሮ በር እንደሚገባ አልጠየቅሁም። ነጋዴ እንደዚያ ያለውን ጥያቄ ለሌላ ሰው ይተወዋል።

ባለቤቴ ነገሩን ስነግራት፣ እኒህ ሰው ማስረጃ እየሰበሰቡ ነው፣ አንድ ቀን አሳሽገውን ያርፋሉ አለች። ከዚያ በኋላ ማኅተም ያለበትን ሁሉ ወደ ውስጥ አገባሁ። ለሳቸው በልጆች ድርሰት ብቻ ነበር የምጠቀልልላቸው። ታዲያ አንድ ቀን አንዱን ድርሰት መልሰው አመጡልኝ። በቀይ እስክሪብቶ አርመው፣ ከሥሩ “ጥሩ ሙከራ ነው” ብለው ጽፈውበታል። እኔ ይህንን ዛቻ ነው አልኩ።

በመጨረሻ የቀረውን ወረቀት እሳት እንዲበላው ወሰንኩ። ባለቤቴ ለጠላ አሻሮ የምትቆላበት ቀን ነበር፤ እሳቱን በሱ አያይዢ አልኳት። በዚያው ጠዋት መምህሩ አንዲት የሥራ ካፖርት የለበሰች ሴት አስከትለው መጡ። ሰላዩ ምስክሩን ይዞ መጣ አልኩ በሆዴ።

ሴትዮዋ መሬት መሬቱን ታያለች። እሳቸው ተናገሩላት። የመሥሪያ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት። የስምንተኛ ክፍል ማስረጃ አምጪ ከተባለች ዓመት ሆኗታል፤ እስከ ዓርብ ካላመጣች ትሰናበታለች። ትምህርት ቤቱ ፋይልሽ የለም ብሏታል። የክፍሏ ስም ጠሪ እሳቸው ነበሩ፤ የዚያን ዓመት የውጤት ሮስተር በገዛ እጃቸው ነው የጻፉት። እዚህ ሱቅ የእጅ ጽሕፈታቸውን በአንድ ጥቅልል ላይ ካዩ ወዲህ ሲፈልጉት ከርመዋል።

“ታዲያ መምህር፣ ያኔውኑ ለምን አልጠየቁኝም?” አልኳቸው።

“ብጠይቅህ ታቃጥለው ነበር።”

ይህን ሲሉ ጭሱ ከጓሮ እየመጣ ነበር። ወደዚያ ዞረው አሸተቱ።

“ደግሞስ በአደባባይ ብጠይቅ” አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ያ የሚያመጣልህ ልጅ ይታሰራል። እሱንም ያስተማርኩት እኔው ነኝ።”

ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ባለቤቴ ሁለት እስር እሳቱ ውስጥ ከትታለች። በእንጨት አመዱን እያገላበጥኩ፣ ምን ዓይነት ወረቀት ነው ብዬ ጮህኩ። ሰፊ ነው፣ ወፍራም ነው፣ መስመር የተሰመረበት ነው አሉኝ ከሱቅ ውስጥ።

እንጨቱን እንደያዝኩ ቆምኩ። ሰፊና ወፍራም ወረቀት ለአዝሙድ አይሆንም፤ ሲጠመዝዙት ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለውን ባለ ሱቅ ሁሉ የሚያውለው ለአንድ ነገር ነው፤ መደርደሪያ ላይ ያነጥፈዋል።

ወደ ሱቅ ተመልሼ የበርበሬውን ጣሳና የምስሩን ከረጢት ከመደርደሪያው አወረድኩ። ከሥራቸው ሦስት ድርብ ወረቀት ነበር። ሦስተኛው የሳቸው ነው። ጠርዙን አይጥ በልታዋለች፣ ማኅተሙ በበርበሬ ቀልቷል፣ ግን ይነበባል። ዓመት ሙሉ ከአግዳሚዋ ቀና ቢሉ ፊት ለፊታቸው ነበረ። መምህሩ ጣታቸውን በስሞቹ ላይ ቁልቁል ነዱና አንዱ ላይ አቆሙ። ሴትዮዋ የወረቀቱን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘችው፤ ልቀቂ ቢሏትም አትለቅም።

መምህሩ አንድ ሲኒ አዝሙድ ስጠኝ አሉ። ወረቀት ስፈልግ፣

“በፌስታል አድርገው” አሉኝ።

ለቅሶው ላይ ሴትዮዋ ያንኑ ካፖርት ለብሳ ውኃ ታድል ነበር። የንብረት ክፍሉ ሰው ደግሞ ከሁሉ አብልጦ አለቀሰ። መምህሩ ስለሱ ብለው ዝም እንዳሉ ያውቅ ይሆን እያልኩ በጎን አየሁት። ፊቱን ጠራርጎ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና በጆሮዬ፣

“ሌላ ወረቀት ነበረኝ፤ ላምጣልህ?” አለኝ።

“በፊት ለፊት በር አምጣው” አልኩት።

እስካሁን አልመጣም።