ኢሳ በችኮላ ያነሳው ድንጋይ

መገናኛ ሚስማርና መዶሻ የሚቸረችረውን ኢሳን የማያውቅ አናጢ አልነበረም። ወሎዬ ነው፤ ለዛው ሰው ያጠግባል፣ እንቢ ማለት ግን አልፈጠረበትም። «ይሉኝታ ሲታደል ቀድሞ የተሰለፈው እሱ ነው» እያለች ሚስቱ ዘሃራ ትቀልድበት ነበር። ቀልዱ የቀረው በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዓመተ ምሕረት ክረምት፣ አንድ ለእናቱ የሆነውን ልጃቸውን ሱፍያንን ላምበረት አጠገብ የጭነት መኪና ገጭቶ የገደለው ጊዜ ነው።

ሹፌሩ ላጲሶ ይባላል፤ የሆሳዕና አካባቢ ልጅ ነው። ድንኳኑ ገና ሳይፈርስ፣ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ ከሽማግሌዎች ጋር ኢሳ በር ላይ ተንበረከከ። ይህም ወግ አለው። ልጅ የሞተበት ሰው የመጡለትን ሽማግሌዎች መጀመሪያ ይመልሳል፤ ደግመው ቢመጡም ይመልሳል። ሽማግሌም ተመልሶ እንደሚመጣ ያውቃል። ሐዘንተኛ ቁጣው እስኪበርድለት የሚያገኘው ፋታ ያው ነው። ኢሳ ግን ጢማቸው የሸበተ አዛውንቶች ጭቃ ላይ ተንበርክከው ሲያይ እፍረት ገደለው። ብድግ ብሎ ድንጋዩን ከላጲሶ ማጅራት አነሳና «አውፍ ብያለሁ» አለ። ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ደነገጡ፤ ለምልልስ ነበር የተዘጋጁት። «በልጅህ ፈንታ ልጅ ይሁንህ» ብለው መርቀው ሄዱ።

ላጲሶ ምርቃቱን የምር ያዘው። ጥቂት ታስሮ እንደወጣ በየጁምዓው ይመጣ ጀመር። ጉልበት ይስማል፣ ሳጥን ያወርዳል፣ ዘሃራ የምታቀርበውን ምሳ አቀርቅሮ ይበላል። ኢሳ «ተባረክ» ይለዋል፤ እሱ ሲወጣ ግን ምሳውን ገፍቶ ይነሳል። ይቅርታው ከአንገት በላይ ነበር። በሰው ፊት የማረውን ሰው እንዴት ይጥላው? እንዴትስ አይጥላው? ሽማግሌዎች ጠላቱን እንኳ ነጠቁት።

ከሱቁ ጀርባ ማሞ የሚባል ሰው ቪዲዮ ቤት ነበረው። አንድ ከሰዓት ኢሳ ዝናብ ሸሽቶ ገባ። ፊልሙ ላይ ልጁን የገደሉበት አንድ ፈረንጅ ገዳዮቹን እያደነ ይፈጃል። ኢሳ ቋንቋውን አልሰማም፤ መስማትም አላስፈለገውም። ፈረንጁን የሚለምነው ሽማግሌ የለም፤ ድንጋይ የተሸከመ የለም። «ታድሎ!» አለ ኢሳ በልቡ፤ እንባው ወረደ። ማሞ ያንን ፊልም ባሳየ ቁጥር ሱቁን እየዘጋ ይገባ ጀመር።

አንድ ጁምዓ ከሸቀጡ ከበድ ያለውን መዶሻ መርጦ ካፖርቱ ውስጥ ሸጎጠ። ላጲሶ ፊልሙን አይቶ የሚገባውን ይወቅ፤ ከዚያ በጓሮው ጭር ባለው መተላለፊያ ሲወጡ ይመታዋል። ያሰበው ይህን ነው። «ና፣ ፊልም ልጋብዝህ» አለው። ላጲሶ አባቱ እንደጋበዘው ልጅ ፊቱ በራ።

ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ከላጲሶ በላይ የጮኸ አልነበረም። «በለው አባቱ! እንዳትምራቸው!» እያለ ተነሥቶ ይቀመጣል። ኢሳ የመዶሻውን እጀታ እንደጨበጠ ጎን ጎኑን ያየዋል። ሰውየው ራሱን ከገዳዮቹ ወገን አልቆጠረም፤ ጨርሶ አልመሰለውም።

መተላለፊያው ላይ ሲደርሱ ኢሳ ቆመ።

«ገዳዮቹ አላሳዘኑህም?»

«እነሱማ አውሬ ናቸው አባባ። ይቅርታ እንኳ አልጠየቁም። እኔ ያን ቀን ቢመልሱኝ መታነቂያ ገመድ አዘጋጅቼ ነበር። እርስዎ ድንጋዩን ሲያነሱልኝ ነው ሰው የሆንኩት።» ከዚያ ካፖርቱ እንዳዘመመ አየና «ምን ተሸክመው ነው? ይስጡኝ፣ እኔ ልያዝልዎት» ብሎ እጁን ዘረጋ።

ኢሳ መዶሻውን አውጥቶ ሰጠው። ላጲሶ መዶሻውን ይዞ ከፊት ከፊት እየመራ ቤቱ አደረሰው፤ ምሳውን በላ፤ ጉልበት ስሞ ሄደ።

ኢሳ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። «ዘሃራ፣» አለ፣ «እኔ አውፍ አላልኩም። ከአፌ ነው የወጣው። ከሆዴ አልወጣም።»

ዘሃራ ላጲሶ የበላበትን ሳህን እያነሳች ነበር። አላየችውም።

«እኔንስ ያን ቀን ማን ጠየቀኝ?» አለችና ሳህኑን ልታጥብ ወጣች።