ስሜነሽ ያልቆጠረቻቸው አምስት ቀናት

ስሜነሽ ከላሟ ጋር የምታወራው በአዊኛ ነበር። ዳንግላ ውስጥ፣ ከገበያው ወጣ ባለው የጋሪ መንገድ ዳር፣ በተከራየችው ግቢ ውስጥ ቋንቋዋን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የተወለደችው ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ነው፤ ወደ ከተማ ያመጣት ትዳር ነው። ባሏ አበረ ግንበኛ ስለሆነ ሥራ ባለበት ሁሉ ይሄዳል። በ2009 ዓ.ም. አሶሳ አካባቢ ነበር። ለፋሲካና ለዘመን መለወጫ ካልሆነ አይመጣም። ጎረቤቶቿ፣ «ላሚቱ ከእኛ ቀድማ አዊኛ ቻለች» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። ስሜነሽም ትስቅና ወደ በረቷ ትመለሳለች።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ በቀዶ ጥገና ወለደች። ልጁ ግን አንድ ቀን እንኳ አላደረም። ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሙ፣ «ሁለት ዓመት ሳይሞላሽ እንዳታረግዢ። የማሕፀንሽ ስፌት ሳይጠነክር ሆድሽ ከገፋ ሊተረተር ይችላል፤ ያ ደግሞ አንቺንም ይወስድሻል» አላት። ሐኪሙ ሌላም ብዙ ነገር ተናግሯል። ቤቷ ስትደርስ ግን ከሁሉም ጆሮዋ ውስጥ የቀረው «ሊተረተር» የሚለው ቃል ነበር።

በየሦስት ወሩ የሚሰጠውን የእርግዝና መከላከያ መርፌ አንድ ጊዜ ተወግታ አቋረጠችው። «ባሌ በሌለበት ለማን ብዬ ነው የምወጋው?» አለች። በመርፌው ፋንታ ቀን መቁጠር ጀመረች። አቆጣጠሯን በኋላ ሲያስረዱኝ በእውነት ተደንቄአለሁ፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ልዘርዝረው።

የሴት እንቁላል በወር አንድ ጊዜ ትወጣለች፤ ከወጣች በኋላም የምትቆየው አንድ ቀን ቢሆን ነው። የወንዱ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ አምስት ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ፅንስ ሊፈጠር የሚችለው እንቁላሏ ከመውጣቷ በፊት ባሉት አምስት ቀናትና በምትወጣበት ቀን ነው ማለት ይቻላል። እንቁላሏ መቼ ትወጣለች? ብዙ ሰው ካለፈው የወር አበባ ወደፊት አሥራ አራት ቀን ይቆጥራል። ትክክለኛው ግን ወደኋላ ነው፤ እንቁላሏ የምትወጣው የሚቀጥለው የወር አበባ ሊመጣ አሥራ አራት ቀን ገደማ ሲቀረው ነው። በዚህም ላይ አካል ሰዓት አይደለምና ጥቂት ቀን ወዲያና ወዲህ ይላል።

ስሜነሽ ይህን ያህሉን ከጤና ጣቢያ ሰምታለች። የቀረውን ራሷ ሠራችው። የወር አበባዋ በየሠላሳ ቀኑ ይመጣል፤ የእኛም ወር ሁሉ ሠላሳ ቀን ነው። ስለዚህ በየወሩ በሃያ ሰባት፣ በመድኃኔዓለም ቀን፣ ሳያዛንፍ ይመጣላት ነበር። ከሚቀጥለው መድኃኔዓለም አሥራ አራት ቀን ወደኋላ ብትቆጥር እንቁላሏ የምትወጣው በአሥራ ሦስት ሆነ። ለዘሩ አምስት ቀን፣ ለጥንቃቄም ጥቂት ቀን ከፊትና ከኋላ ጨመረችና አጥሯን አጠረች፤ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት፣ ከአቦ እስከ ቂርቆስ። በእነዚያ ቀናት አበረ ቤት ቢኖር እንኳ አልጋቸው ይለያያል። ወረቀት አላስፈለጋትም። በዓላቱን እንደሆነ የሰፈሩ ደወል ያስታውሳታል።

አበረ ለዘመን መለወጫ የመጣው ጳጉሜ ሁለት ነበር። ስሜነሽ በየዓመቱ እንደምታደርገው ጳጉሜን በጠበል ነበር የያዘችው፤ ጠበል የያዘች ሴት ደግሞ ከባሏ ጋር አትተኛም። ከዚያ በዓሉ መጣ፤ የአበረ ዘመዶች ከአዘና መጥተው ቤቱን ሞልተውት ሰነበቱ። እንግዶቹ ሄደው ሁለቱ ብቻቸውን የቀሩት መስከረም አራት ቀን ነበር። አቦ ነገ ነው፤ ገና ከአጥሩ ውጭ ናቸው። አብረው አደሩ። በማግስቱ ማለዳ አበረ ሻንጣውን ይዞ ወደ መናኸሪያ ወረደ።

መስከረም ስድስት ጠዋት ላሟ እምቧ እያለች ግቢውን አናወጠችው። ስሜነሽ አዳቃዩን አስማረን ደውላ ጠራችው። አስማረ ከብት ሲያዳቅል የኖረ ጎልማሳ ነው፤ የዘሩን ማቀዝቀዣ ሞተር ሳይክሉ ላይ አስሮ ከቀበሌ ቀበሌ ይዞራል።

«ምነው ስሜ፣ በዓሉን እንኳ ሳታስጨርሺን!» አለ ገና ከበሩ ሲገባ።

«እኔ ምን ላድርግ ጋሼ አስማረ፣ እሷን ይጠይቋት እንጂ። ደግሞ ቀኗም አልደረሰ፤ ገና አምስት ቀን ይቀራታል። ታማ እንዳይሆን ብዬ ነው የጠራሁዎት።»

«ባለፈው ኮርማ የፈለገችው መቼ ነበር?»

«ነሐሴ ሃያ። በሃያ አንድ ቀኗ ሲቆጠር መስከረም አሥራ አንድ ይሆናል።»

አስማረ ጣቶቹን ዘረጋ። «ከነሐሴ አሥር ቀን። ከጳጉሜ አምስት። ከመስከረም ስድስት። ይኸው ሃያ አንድ! ልክ በቀኗ ናት እኮ፤ ጳጉሜን ዋጥሻት እንጂ።» ሳቀና የላሟን ጀርባ መታ መታ አደረገ። «ላም ጠበል አትይዝ፣ ጳጉሜን አትዘል። እሷ የምታውቀው መሽቶ መንጋቱን ነው።»

ስሜነሽ የላሟን ገመድ እንደያዘች ወደ እሱ ዞረች።

«ሰውስ?» አለች።

«ሰው ምን?»

«ሰውስ ጳጉሜን ይዘላል?»

«ጳጉሜን የሚዘላት የመንግሥት ደመወዝ ብቻ ነው፤ እኔን አታይም?» አለ አስማረ፣ አሁንም እየሳቀ። «በይ፣ ጠዋት የፈለገች ላም ማታ ነው የምትዳቀል። እንቁላሏ የምትወጣው ኋላ ስለሆነ አሁን ብጨርስ ዘሩ በከንቱ ይቀራል። ማታ እመለሳለሁ።»

ሞተሩ ከበር ሲርቅ ስሜነሽ በራሷ ጣቶች ጀመረች። የወር አበባዋ የመጣው ነሐሴ ሃያ ሰባት ነው። ከነሐሴ ሦስት፣ ከጳጉሜ አምስት፤ የቀረው ከመስከረም ነው። የሚቀጥለው የሚመጣው በሃያ ሰባት ሳይሆን በሃያ ሁለት ነው። እንቁላሏም የምትወጣው በአሥራ ሦስት ሳይሆን በስምንት ነው። አጥሯ በሙሉ አምስት ቀን ወደኋላ መጠጋት ነበረበት። ጳጉሜ ለእሷ ወር አልነበረችም፤ አቦም ቂርቆስም መድኃኔዓለምም የሌለባት የጠበል ጊዜ ነበረች። በበዓል ለሚቆጥር ሰው ደግሞ በዓሉ የሌለበት ቀን እንደሌለ ነው።

መስከረም አራት ወደ ስምንት አራት ቀን ነው። ዘሩ አምስት ቀን ይቆያል።

ለማን ትንገር? የአበረን ስልክ ሞከረች፤ ኔትወርክ አልነበረም። እናቷ ዘንገና ናት፣ ስልክም የላትም። ጎረቤቷን ያለምወርቅን አሰበችና ተወችው፤ ያለምወርቅ የስሜነሽን ልጅ ሞት ለሰፈሩ ቀድማ ያወራች ሴት ናት። ነጠላዋን አጣፍታ ጋሪ ላይ ወጣች።

መድኃኒት ቤቱ ውስጥ አራት ሰዎች ቆመው ነበር። ሁሉም እስኪወጡ ድረስ የሳሙናውን መደርደሪያ ስታይ ቆየች። ባለመድኃኒቷ ሶስና በእሷው ዕድሜ ያለች ሴት ናት።

«እህቴ፣ ሳሙና ነው?»

«አይደለም። ከትናንት ወዲያ... ባሌ መጥቶ ነበር። ማርገዝ የለብኝም። ሐኪም ከልክሎኛል።»

ሶስና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሦስት ቀን አልሞላማ?»

«ሁለት ቀን ሊሆነኝ ነው።»

«እንኳን ቶሎ መጣሽ። በቶሎ በተወሰደ ቁጥር ይሻላል።» ሰው ፖስት ፒል የሚለውን ድንገተኛ መከላከያ ከመሳቢያ አወጣች።

ስሜነሽ እጇን አልዘረጋችም። «ኃጢአት ይሆንብኛል? ማስወረድ ከሆነ...»

«አይደለም። የተፀነሰ ነገር ካለ ይህ ክኒን አይነካውም፤ አያስወርድም። ሥራው እንቁላሏን ማዘግየት ነው። ገና ካልወጣች እንዳትወጣ ያቆያታል፤ ዘሩም ሲጠብቅ ሲጠብቅ ዕድሜው ያልቃል።»

«ከወጣችስ?»

«ከወጣች አይሠራም። ልትወጣ አፋፍ ላይ ከደረሰችም ላይሠራ ይችላል። አልዋሽሽም።»

«የእኔ ነገ ከነገ ወዲያ ነው የምትወጣው።»

ሶስና ቀና ብላ አየቻት። «ይህን ማን ነገረሽ?»

«ላሜ» አለች ስሜነሽ። ሶስና ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ይህን ክኒን ባሰብኩ ቁጥር የሚያስደስተኝ ነገር አለ። አብዛኛው ሰው ፅንስ በዚያው ሌሊት የሚያልቅ ጉዳይ ይመስለዋል። አይደለም። በሁለቱ ሰዎች መገናኘትና በዘሩና በእንቁላሏ መገናኘት መካከል ቀናት ሊያልፉ ይችላሉ። አንጎል «አሁን ልቀቃት» የሚል መልእክት በደም በኩል እስኪልክ ድረስ እንቁላሏ ከቤቷ አትወጣም። ክኒኑ የሚሠራው እዚያ ክፍተት ውስጥ ነው፤ መልእክቱ ገና ሳይላክ ከደረሰ ያዘገየዋል፣ መልእክቱ ከተላከ በኋላ ከደረሰ ግን ቀድሞታል። መልእክቱ የሚላከው እንቁላሏ ልትወጣ አንድ ቀን ተኩል ገደማ ሲቀራት ነው። ስሜነሽ መስከረም ስድስት ከሰዓት በፊት ክኒኑን ስትውጥ ሁለቱ በሰዓታት ልዩነት ይሽቀዳደሙ ነበር። የትኛው እንደቀደመ የሚያይ ዓይን አልነበረም።

«ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ካስመለሰሽ ተመለሺ፣ ሌላ ትወስጃለሽ» አለቻት ሶስና። «የወር አበባሽ ሊዛባ ይችላል፤ ከቀኑ አንድ ሳምንት ካለፈ ትመረመሪያለሽ። ደግሞ ይህ ላለፈው እንጂ ለሚመጣው አይሆንም። ቋሚ ነገር ያዢ።»

ስሜነሽ ቤቷ አልሄደችም። በጋሪ ስትንገላታ እንዳያስመልሳት ፈርታ ከመንገዱ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ጋሪዎቹ ያልፋሉ፣ ፈረሶቹ ያነጥሳሉ፣ አላፊ አግዳሚው «ምነው፣ አሞሻል እንዴ?» ይላታል። «ሰው እየጠበቅሁ ነው» ትላለች። ሊያስመልሳት ሲል ከንፈሯን ነክሳ ሰማይ ሰማይ ታያለች። ሳያስመልሳት ሁለት ሰዓት ሞላ። ማታ አስማረ መጥቶ ላሟን አዳቀለ። በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ቀን፣ አንዷ እንድትፀንስ አንዷ እንዳትፀንስ ተደከመ።

ከዚያ መጠበቅ ብቻ ሆነ። የመስቀል ችቦ ሲለኮስ ከሰው መሀል ቆማ ጨፈረች፤ ሆዷ ውስጥ ያለውን ግን የሚያውቅ አልነበረም። በሃያ ሁለት ምንም አልመጣም። በሃያ ሦስትም። በሃያ አራት አበረ ደወለ።

«ደኅና ነሽ? ላሟስ?»

«ደኅና ናት። አበረ፣ የሆነ ነገር ልነግርህ ነበር። ቀን ተሳስቼ...»

«እ? አይሰማም! ምን ቀን?»

«ቀኔ አልፏል እኮ!»

«እሰይ! ወንድ ነው በዪኝ!» አለ እየሳቀ። ሐኪሙ ሲናገር አበረ አልነበረም፤ እሷ ስትነግረውም «እግዜር ያውቃል» ብሎ አልፎታል። ልትመልስለት አፏን ስትከፍት መስመሩ ተቋረጠ። ደጋግማ ሞከረች። በመጨረሻ ስልኩን ትራስ ሥር ከታ፣ ስፌቷን በጣቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰችው።

መስከረም ሃያ ስምንት፣ ምርመራ ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ደም መጣ።

በስድስት ቀን መዘግየቱ ክኒኑ ምናልባት በጊዜው ደርሶ እንቁላሏን እንዳቆያት ያመለክታል፤ እርግጡን ማወቅ ግን አይቻልም። ስሜነሽ ይህን አላሰበችም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እንደምትተርፍ ስላወቀች ነው ብላ ጀመረች፤ ሲያበቃ ግን ስለ ኅዳሩ ልጇ ሆኖ አገኘችው። ፊቷን ታጥባ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደች።

ነርሷ ቅጹን እየሞላች ጠየቀቻት። «ስንት ወልደሻል?»

«አንድ።»

«በሕይወት ያለ?»

«የለም።»

ነርሷ ጻፈች። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን መከላከያ አስረዳቻት፤ ሦስት ዓመት ይሠራል፣ ቀድሞ መውጣት ሲያስፈልግም ይወጣል፣ ቀን መቁጠር አይሻም። ስሜነሽ ግራ ክንዷን ዘረጋች። የማደንዘዣው መርፌ ሲወጋት እንኳ ፊቷን አላዞረችም፤ ሥራውን አንድ በአንድ ተከታተለችው።

«ለጥቂት ቀን ውኃ አይንካው» አለች ነርሷ ፋሻውን እየጠቀለለች። «ከባድ ነገርም እንዳታነሺበት። ቤት የሚያግዝሽ ሰው አለ?»

«አለ» አለች ስሜነሽ።

በማግስቱ ከቦኖው በቀኝ እጇ ብቻ ቀዳች፤ ግማሽ ጀሪካን፣ ሁለቴ ተመላልሳ።