ወንድሜ ያመጣት ዳልያ

ወንድሜ ዳልያዋን ያመጣት ፍኖተ ሰላም ዘጠነኛ ክፍል በገባ ዓመት፣ ለፋሲካ ወደ ቤት ሲመጣ ነው። ከተከራየበት ቤት ባለቤት ለምኖ ያገኘውን ሥር በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከቡሬ እስከ ቤታችን በእግሩ ተሸክሞት መጣ። ሥሩ ድንች ይመስል ነበር። አባቴ አገላብጠው አዩትና ይበላ እንደሆነ ጠየቁ። የሚተከለው ለአበባው ብቻ መሆኑን ሲሰሙ፣ ለማየትማ የጤፉ ማሳ መች አነሰን ብለው ወደ በሬዎቻቸው ሄዱ።

እናቴ ግን ከጌሾው አጠገብ ቦታ ሰጠችው። ወንድሜ አፈሩን በፍግ አልምቶ ተከላት። በክረምቱ ከእኔ ቁመት አለፈች፤ ነፋስ እንዳይጥላት የጽድ ካስማ ተክሎ በልጥ አሰራት። ነሐሴ ሲያልቅ ወይን ጠጅ የሚመስል፣ ድርብርብ አበባ አወጣች። በበጋ ግንዷ ሲደርቅ እናቴ የሞተች መስሏት አዘነች። ወንድሜ ሥሯ ከአፈር በታች እንደተኛ፣ ዝናብ ሲጥል እንደምትነሳ ነገራት። እንዳለውም ተነሳች።

በሦስተኛው ክረምት ለብሔራዊ ውትድርና ልጆች ተጠየቁ። አባቴ ያኔ የገበሬ ማህበራችን ሊቀመንበር ነበሩ። ወንድሜ ትምህርት ተዘግቶ ቤት ነበር። እናቴ እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነቻቸው።

«የጎረቤቴን ልጅ ልኬ የራሴን ባስቀር፣ በየትኛው ዓይኔ ሰው አያለሁ?» አሉ።

ስሙን በገዛ እጃቸው ጻፉት። ወንድሜ ከሌሎቹ ጋር በጭነት መኪና ተጭኖ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ ለአባቴ የምትለውን ሁሉ የምትለው በእኔ በኩል ሆነ። ምግባቸውን ታቀርባለች፤ አጠገባቸው ግን አትቀመጥም። ወደ ዳልያዋም መሄድ ተወች። አረም ዋጣት።

በዓመቱ ከኤርትራ በኩል አንድ ደብዳቤ ደረሰን። ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ አባቴ በረንዳው ላይ ቀንበር እየጠረቡ ይሰማሉ። ደህና ነኝ ይላል። ለአባባ ሰላምታ አቅርቡልኝ ይላል። ዳልያዋ ሥሯ በዝቶ ይሆናልና ከፍላችሁ ትከሏት፣ ካልተከፈለች አበባዋ ያንሳል ይላል።

በማግስቱ አባቴ ዶማ ይዘው ጓሮ ገቡ። አረሙን ነቅለው ሥሩን በጥንቃቄ አወጡ፤ በቢላዋ ለሦስት ከፍለው በመስመር ተከሉት። እናቴ ከጓሮ በር ቆማ ስታያቸው ቆየች። በዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ አናገረቻቸው።

«ልጁን ሰጥተው፣ ለአበባው ዘበኛ ሆኑለት?»

አባቴ ቀና አላሉም። አፈሩን በመዳፋቸው መጠቅጠቃቸውን ቀጠሉ። ጀርባቸው ሲንቀጠቀጥ አይቼ ወደ ቤት ገባሁ።

ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። አባቴ ሊቀመንበርነቱን በሕመም አሳበው ተዉ። በየክረምቱ ካስማ የሚተክሉት እሳቸው ሆኑ። ሦስቱም ከሰው በላይ ረዝመው ያብቡ ነበር።

ደርግ በወደቀበት ግንቦት የተበተኑ ወታደሮች በየመንገዱ መታየት ጀመሩ። ጫማ የሌላቸው፣ ቁስላቸው የተጠቀለለ ነበሩ። አባቴ በየማለዳው ቡሬ እየሄዱ ከመንገዱ ዳር ይቀመጡ ጀመር። ያለፈውን ሁሉ አስቁመው የወንድሜን ስም ይጠይቃሉ። ሰኔ ገባ፤ ዝናቡ ጠነከረ። እናቴ አንድ ቀን ገሳቸውን ከግድግዳው አወረደች።

«ዝናቡ ይመታቸዋል። ወስደሽ አልብሻቸው» አለችኝ።

ስደርስ ነጠላቸው ረጥቦ ከገላቸው ተጣብቋል። ማን እንደላከኝ ጠየቁኝ። እማዬ ናት አልኳቸው። ገሳውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና ወደ መንገዱ ያዩ ጀመር።

እስከ ሐምሌ ማብቂያ ተመላለሱ። ወንድሜ አልመጣም፤ አየሁት የሚልም አልተገኘ። በመጨረሻው ቀን አባቴ ጭቃ በጭቃ ሆነው ሲገቡ እናቴ ውኃ አሙቃ ጠበቀቻቸው። ጎንበስ ብላ እግራቸውን አጠበች። ለቅሶ የተቀመጥነው በሳምንቱ ነው፤ ያን ቀን እናቴ ከአባቴ ጎን ተቀመጠች።