ሁለቱ ማርቆሶች

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን በቅርቡ የተቀጠረች ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። «ሁለት ዝርዝር አጣምሬ በፊደል ተራ አስቀመጥኩ፤ ግን አንድ መስመር ጎደለኝ። ላብድ ነው!» አለችኝ። ልስቅ ብዬ ሳቄ ጠፋ። ጋሽ ማርቆስ ትዝ አሉኝ።

ደቡብ አፍሪካ ያስተናገደችው የዓለም ዋንጫ ካለፈ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ጆሃንስበርግ ውስጥ፣ ቤሪያ በሚባል ሰፈር፣ ሊፍቱ የማይሠራ ፎቅ ላይ ተከራይቼ እኖራለሁ። ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የምጽፍ ፕሮግራመር ሆኜ ስለተቀጠርኩ የሚያቅተኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጀፕስታውን ወዳለው ቤተ ክርስቲያናችን እሄዳለሁ። ጸሐፊው ኤርሚያስ የምእመናኑን የስደተኛ ወረቀት ማደሻ ቀን ይከታተላል። ብዙዎቹ ከደቡብ ኢትዮጵያ የመጡ፣ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ያላቸው ናቸው፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን እንግሊዝኛ አያነቡም። ኤርሚያስ ታዲያ ስሞቹን በአንድ ፋይል፣ ቀኖቹን በሌላ ፋይል ጽፏቸው ነበር። የሰባተኛው ስም ቀን ሲፈለግ ሌላውን ፋይል ከፍቶ እስከ ሰባት መቁጠር ነው።

«ለምን እንዲህ አደረግክ?»

«ስሞቹን አምና፣ ቀኖቹን ዘንድሮ ስለጻፍኩ።»

«ግማሽ ሰዓት ስጠኝ» አልኩት።

ከንፈር የሚሰነጥቀው የጁን ደረቅ ብርድ ነበር። ከመንገድ የገዛሁትን ማግዊንያ፣ ያንን በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ሊጥ እየገመጥኩ አንድ አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ፕሮግራሙ አንዱን ስም ከአንዱ ቀን ጋር እያጣመረ ትሪማፕ የሚባል የጃቫ መዝገብ ውስጥ ይከታል፤ ትሪማፑ ስሞቹን ራሱ በፊደል ተራ ይደረድራል። ማማሩ! ዝርዝሩን አትመን የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ለጠፍነው።

ጁላይ መጨረሻ ላይ ኤርሚያስ ቢሮ ደወለልኝ። ጀርሚስተን ሱቅ ያላቸው ጋሽ ማርቆስ ታክሲ ተራ ላይ በፖሊስ ተይዘዋል፤ የወረቀታቸው ቀን ካለፈ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። በሩ ላይ ግን ከስማቸው ጎን «ኖቬምበር» ይላል።

«አንተ ነህ የተሳሳትከው፤ የእኔ ፕሮግራም አይሳሳትም» አልኩት።

ምሳዬን ትቼ ሄድኩ። ስሞቹን ቆጠርን፣ ስልሳ ሁለት። ቀኖቹን ቆጠርን፣ ስልሳ ሁለት። በሩ ላይ ያለው ስልሳ አንድ! በጣቴ እየነካሁ ሦስት ጊዜ ደገምኩ። «አንዱን ስም ሁለቴ ጽፈህ ይሆናል» ብዬ ጮህኩበት።

ኤርሚያስ አየኝና «እህቴ፣ ማርቆስ ሄራሞ እኮ ሁለት ናቸው። የሆሳዕናው እና የዱራሜው» አለኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ሰው ሁሉ የሚያውቀውን?»

ትሪማፕ አንድን ስም ሁለቴ አይዝም። ሁለተኛው ማርቆስ ከነኖቬምበሩ ሲገባ የጋሽ ማርቆስን ቀን ተክቶ ተቀመጠ። ይህን ትምህርት ቤት ተፈትኜበት አልፌዋለሁ፤ የበለጠ ያናደደኝም እሱ ነው። ከስሞቹ ጎን የትውልድ ከተማ ጨምሬ ዝርዝሩን እንደገና አተምኩት።

ጋሽ ማርቆስ ሁለት ቀን ታስረው፣ ኤርሚያስ ሲመላለስ ሰንብቶ ተለቀቁ። እሑድ ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጠጋ ጺማቸው አድጓል፣ ሹራባቸው ተጨማድዷል። ሱቃቸው ተዘግቶ ዳቦው ሁሉ ሻግቷል። የሆነውን ነግሬያቸው ስድብ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ግን ነገሩ አልገባቸውም።

«ልጄ፣ ያ ማሽን እኔን አውጥቶ ሲጥል ምንም አይልም?»

«ምንም አይልም፣ ጋሼ።»

«ክፉ ነው» አሉና ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ገቡ።

ከዓመታት በኋላ ነው የትሪማፕን መመሪያ በወጉ ያነበብኩት። ጃቫ አዲሱን ሲያስገባ ያስወጣውን አሮጌ መልሶ እጅ ላይ ያኖረዋል፤ ሳልቀበለው የቀረሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ማርቆስ ሌላ አገር ሄደዋል ሲባል ሰምቻለሁ። «ምንም አይልም» ያልኳቸው ልክ እንዳልነበረ እስከ ዛሬ አልነገርኳቸውም።