መጨረሻው የተቀደደ መጽሐፍ

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። መርሳ ከተማ ባስተማርኩበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱን እንድይዝ የተደረገው መጽሐፍ ስለምወድ አልነበረም። ቁጣዬን የሚያውቁት ርዕሰ መምህር «አንተ ባለህበት ልጅ አይጮኽም» ብለው ነው።

ጦርነቱ ጋብ ብሎ ተመልሰን ስንከፍተው፣ ግቢው ውስጥ ሰፍረው የነበሩ ታጣቂዎች መደርደሪያውን ፈልጠው፣ መጽሐፉን እየገነጠሉ እሳት አንድደውበታል። ከተረፉትም አብዛኞቹ የመጨረሻ ገጻቸው የለም። መጽሐፍ ሻይ እንደሚያፈላ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። እውነቱን ለመናገር አለቀስኩ፤ ከዚያ ደግሞ ማልቀሴ አናደደኝ።

ቆይቶ ከቆቦ በኩል የተፈናቀሉ ሰዎች መጥተው ግማሹን መማሪያ ክፍል ያዙ። የእኛ ልጆች አኮረፉ። ክፍላችንን ወሰዱብን እያሉ ከመጤዎቹ ጋር አንድ ሰሌን ላይ አንቀመጥም አሉ።

ከተፈናቃዮቹ አንዷ ትንሽ ልጇን ይዛ ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ቆመች።

«መምህር፣ ስንሸሽ ታላቅ ወንድሟ መንገድ ላይ ከእኛ ተለይቶ ቀረ» አለችኝ። «ይኸው እስካሁን ወሬው የለም። ስሙን ያነሳን እንደሁ ይቺ ተነስታ ትወጣለች። እስቲ አንቱ ዘንድ ትቀመጥ፤ ሰው ሲያወራ ስትሰማ አላህ አግርቶ ያቀልላት ይሆናል።»

እኔ ስለ ልጅ ሐዘን ምን አውቃለሁ? ትቀመጥ አልኩ። ልጅቱ ለሳምንታት ጥግ ይዛ ሰማች እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

ከየመጽሐፉ አንድ አንድ ብቻ ስለቀረን ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ። የተቀደደው ጋ ስንደርስ መጨረሻውን ልጆቹ ይናገራሉ። ደንቡን የወሰድኩት ከወረዳችን ከሀብሩ ሽማግሌዎች ነው። ዛፍ ሥር ለዕርቅ ሲቀመጡ፣ የቆመው ተናግሮ ሳይቀመጥ ሌላው አፉን አይከፍትም። እኛም ዘንድ መጽሐፉን ይዞ የቆመ እስኪቀመጥ ሁሉም ይሰማል። ልጆቹ ኩርፊያቸውን የረሱት በደንብ ለመስማት ሲጠጋጉ እንጂ እኔ ስቆጣ አይደለም።

አንድ ከሰዓት ጨው ሊገዛ ገበያ ስለሄደ ልጅ አነበብኩ። ሲመለስ ወንዙ ሞልቶ ማዶ ቀረ፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ የለም። ከልጆቹ አንዱ በዋና አሻገረው። አባቱ ሲሪንቃ እርሻ ምርምር የሚሠራ ልጅ ደግሞ ትራክተር ላከለት። ሁሉም ለእራት አደረሱት።

ከዚያ ልጅቱ ተነስታ ለመጽሐፉ እጇን ዘረጋች። ተቀብላ ደረቷ ላይ አደረገችው።

«አልተመለሰም» አለች።

ክፍሉ ተንጫጫ። እንዲህ ያለ መጨረሻ አልፈለጉም። ልቆጣ ስል፣ ረባሽ የምንለው የመርሳ ልጅ ቀደመኝ።

«ዝም በሉ፤ ገና አልተቀመጠችም» አላቸው።

ዝም አሉ። እሷ ግን የምትለው የጠፋት ይመስል ቆማ ቀረች። ፈራሁላት። መጽሐፉን ሰጥቼ አዋረድኳት ብዬ አሰብኩ። እናቷን ምን እላታለሁ?

«ልጠይቅሽ?» አላት ልጁ። እሺ በሚል ራሷን ነቀነቀች።

«እራቱንስ ማን በላው?»

ልጅቱ መጽሐፉን እያየች ትንሽ አሰበች።

«እናቱ ታስቀምጥለታለች» አለች። «እስኪነጋ ካልመጣ እኔ እበላዋለሁ።»