አንድ ድስት አልጫ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ማይኩን ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ፣ ቁመቴን ታውቁታላችሁ። ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ባለቤቴ መኮንን አልተፈወሰም። ፈውስ ልትሰሙ የተዘጋጃችሁ ካላችሁ በኋላ እንዳታዝኑብኝ ብዬ ነው። ቢሆንም ጌታ ያደረገልኝን ይዤ ዝም ብል ሆዴ አልችል አለ፤ እንግዲህ ልመስክር።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በወጥ ነው። መኮንን ጌታን የሚወድ ሰው ነው፤ እኔ ግን ሹፌሩ ነበርኩ። ከካስትሮ ቫሊ እዚህ ኦክላንድ ድረስ አመጣውና እሱ ወደ አዳራሹ ሲገባ እኔ ቀጥታ ወደ ኪችን። ስብከቱ እስኪያልቅ ሽንኩርቴን አቁላላለሁ። ምሳ ሲቀርብ "እህት ብርቅነሽ፣ እጅሽ ይጣፍጣል!" ትሉኛላችሁ፤ ያቺን ሰምቼ ወደ ቤቴ። እውነቱን ልናገርና ከዚህ ቤት የምፈልገው እሷኑ ብቻ ነበር። ጌታን ስለ ምንም ለምኜው አላውቅም፤ ወጤ እንደሆነ ያለ ጸሎትም ይጣፍጥ ነበር።

ከዚያ የመኮንን ልብ ደከመ። እግሩ አብጦ ጫማ እምቢ አለው፣ ደረጃ መውጣት አቃተው። ልጃችን ሊዲያ እያስተረጎመችልን ዶክተሩ "ጨው ጠላቱ ነው፣ እንዳይነካ" አለን። እኔም ጨዉን ከቤት አወጣሁት። ወጥ ያለ ጨው፣ ሽሮ ያለ ጨው! እብጠቱ ግን አልቀነሰም። በየአፖይንትመንቱ "ጨው ታደርጊበታለሽ?" ሲሉኝ "ዜሮ!" እላለሁ። ሊዲያ "ማም፣ አር ዩ ሹር?" ብትለኝ እሷንም ተቆጣኋት። ዕድሜዬን ሙሉ ወጥ ስሠራ የኖርኩ ሴትዮ፣ ጨው ማድረግ አለማድረጌን ላላውቅ ነው?

ብዙም ሳይቆይ ሳንባው ውኃ ቋጥሮ ሆስፒታል ገባ። አልጋው አጠገብ ቁጭ ብዬ አዲስ አበባ ላለችው እህቴ ለአልማዝ ደወልኩላት። በርበሬና ሽሮ የምትልክልኝ እሷ ናት። "ለመሆኑ ምን እያበላሽው ነው?" አለችኝ። "ያንቺኑ በርበሬ ነዋ፣ ያለ ጨው" አልኳት። ከዚያ "ብርቄ፣ በርበሬው እኮ ጨው አለው። ሽሮውም አለው። ያለ ጨው ማን ያስፈጫል?" አለችኝ።

ወገኖች፣ ይህን ሳላውቀው ቀርቼ ነው? እናቴ በርበሬ ስታዘጋጅ ጨው ስታክልበት ስንቴ አይቻለሁ! ግን ተፈጭቶ፣ ታሽጎ የመጣን ነገር ሰው ውስጡ ምን አለ ብሎ አይጠይቅም። ለካስ ባሌን በገዛ እጄ፣ በዚያ ይጣፍጣል በምትሉት እጄ፣ እያጎረስኩ ስጎዳው ከርሜያለሁ። ከዚያ ወዲያ እጄን ማየት አስጠላኝ።

ዶክተሩ ሲያስወጣው "ልቡ በጣም ተጎድቷል። ከእንግዲህ የምንሰጠው መድኃኒት እንዲቀለው ነው እንጂ እንዲድን አይደለም" አለን። በእኔ ምክንያት ነው ወይ ብዬ በሊዲያ አስጠየቅኩት። "ልቡ ቀድሞም ደካማ ነበር፤ ይህ ነው ማለት አይቻልም" አለ። አይቻልም! እኔ ከዚህች ቃል ጋር ነው የምኖረው።

ቤት ስንገባ የአልማዝን በርበሬና ሽሮ ጣልኩትና ድንችና ካሮት በእርድ፣ በነጭ ሽንኩርት አልጫ ሠራሁለት። አልጫ ስላችሁ ሁለቱንም ነው፤ ወጡም አልጫ፣ ጣዕሙም አልጫ። ሁለት ጊዜ ጎርሶ እጁን ይሰበስባል። እኔ ለራሴ ጨው ያለው ወጥ በሌላ ድስት ሠርቼ፣ አይቶ እንዳያምረው ኪችን ቆሜ እበላለሁ። ሰውዬው ከሳ፣ ዓይኑ ብቻ ቀረ። ልጸልይ ብዬ ብንበረከክ የሚወጣኝ ቁጣ ነው፦ "የምድር ጨው ናችሁ ብለሃል አሉ። ይኸው አልጫ አደረግኸን! አሁን በምን ልታጣፍጠን ነው?" የሚሰማኝ የመኮንን የኦክስጅን ማሽን ድምፅ ብቻ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቀን ምሳውን አቅርቤለት ወደ ኪችን ልመለስ ስል "ብርቄ" አለኝ።

"አቤት?"

"ጨዉስ ይቅር። ብቻዬን መብላት ነው ያቃተኝ።"

ቅዱሳን፣ እዚያው ደርቄ ቀረሁ። የራሴ ወጥ ምድጃ ላይ ነው፤ ርቦኛልም። ሄጄ ምድጃውን አጠፋሁና ተመልሼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። ያንን አልጫ ጎረስኩ። አፈር አፈር ይላል! ይህን ነው እንዴ ሲበላ የከረመው ብዬ እንባዬ መጣ። ያን ጊዜ ነው ጌታ የገባኝ። እዚህ ኪችን ሆኜ አንድ ጆሮዬ ስብከቱን ይሰማ ነበር፤ ጌታ ወደ እኛ መጣ፣ ኑሯችንን ኖረ፣ ከእኛ ጋር በላ ሲባል። እንግዲህ የበላው የእኛን አልጫ ነው! ለራሱ ሌላ ድስት አልጣደም። ሃሌሉያ! "ጌታ ሆይ፣ በገዛ እጄ ባበላሸሁት በዚህ ገበታ ላይ ከእኛ ጋር ተቀመጥ" አልኩት። የመጀመሪያ ጸሎቴ ይህች ናት።

መኮንን ሳህኑን ጨረሰ። ቀና ብሎ አየኝና "ዛሬስ ጨው ጣል አድርገሽበታል" አለኝ።

አላደረግኩም! ወገኖች፣ ቅንጣት ታህል አላደረግኩም! ክብር ለስሙ ይሁን!

አልዋሻችሁም፣ ልቡ በየቀኑ እየደከመ ነው። የማይድን በሽተኛ የምታስታምም የሆስፒስ ነርስ ቤት መምጣት ጀምራለች። በርበሬው ትዝ ሲለኝ ዛሬም ውስጤ ይቃጠላል፤ እያለቀስኩ የማድርበት ቀን ብዙ ነው። ግን ብቻዬን አላለቅስም፤ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። እናንተም ተስፋ የቆረጣችሁ ካላችሁ፣ ኑሯችሁ እስኪጣፍጥ አትጠብቁ። አልጫውን እንዳለ አቅርቡለት። ይቀመጣል፤ እኔ አይቼዋለሁ።

የኪችን እህቶች፣ ዛሬ ለምሳ አልቆይም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሊዲያ አባቷ ጋ ናት፤ አሁን ቴክስት አድርጋልኛለች። አልጫው ቀርቦለታል አሉ። እኔ ሳልደርስ ግን አይጀምርም።